ፀሐይ የበላው ጥቅል

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ልጅ ሱቄ ድረስ መጣ። ሸሚዙ ጥሩ ሆኖ ተተኩሷል፤ ጫማው ግን የወረታን ጭቃ ገና አልተማረም፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ መሆኑ ያስታውቃል። "እትየ በላይነሽ እርስዎ ነዎት?" ሲለኝ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ መስሎኝ "አስቀምጠው፣ ለሐሙስ ይደርሳል" አልሁት። ሳቀና "ስለ ጽጌ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አለኝ። ይህን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ የነበረች እግሬ ራሷን አቆመች።

ሙት ዓመቷ ደርሷልና እሱ የሚሠራበት ቢሮ ፎቶግራፎቿንና ታሪኳን በአዳራሽ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። በጦርነት መሃል ካሜራ ተሸክማ ዘጋቢ ፊልም ከሠሩት ሴቶች ቀዳሚዋ እሷ ናት፤ እርስዎ ቤት ተከራይታ እንደነበረ ሰማን አለኝና የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ ያነብልኝ ጀመር። ጥሩ ጽፈዋል፣ ምን ይወጣለታል። ተወለደች፣ ተማረች፣ ግንባር ወረደች ይላል። ከዚያ አንድ መስመር መጣ። በፎገራ የቀረጸችው አንድ ጥቅል ፊልም በራሷ የጥንቃቄ ጉድለት ተበላሽቶ ቀረ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ግንባር አልተላከችም ይላል። "እስቲ ድገመው" አልሁት፤ ደገመው። ደሜ ፈላ። የጥንቃቄ ጉድለት? ያቺ ካሜራዋን በነጠላዋ ጠቅልላ እሷ በዝናብ የምትበሰብሰው ሴት? "ተቀመጥ" አልሁት፣ "ይህችን መስመር ሳትሰርዛት ከዚህ በርጩማ አትነሣም።" ምስኪን፣ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ወረታ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ሰው ከአውቶቡስ ገና ሳይወርድ የሩዝ መፈልፈያው ጩኸት ነው የሚቀበለው፤ ገለባው እስከ አስፋልቱ ተቆልሎ ነፋስ ሲመጣ ዓይን ያጠፋል። ያኔ ሩዝ በጥቂት ሰው ማሳ ላይ ለሙከራ የሚዘራ ነገር ነበር፤ አብስለው የቀመሱትም ውሃ ውሃ ይላል ብለው ያሙት ነበር። ሜዳው የከብት ነበር። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ጓያና ሽምብራ ይለብሳል። ከተማ የምንለው መገንጠያውን ነው፤ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለይበት ጥግ ሻይ ቤቱ፣ ከሻይ ቤቱ ጎን የእኔ የስፌት መኪና። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ አቡጀዲ ሜትሩ ከሁለት ብር አይዘልም። ወንዱ ሁሉ ከጉልበት በታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ሱሪ ይወድ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ሱሪ ሳሰፋ ኖርሁ፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ደግሞ እነዚያኑ ሱሪዎች ሳጠብብ ኖርሁ። የሻይ ቤቱ ራዲዮን የፍቅሩን ዘፈንም የዘመቻውን ማርሽም በአንድ ዓይነት የታፈነ ድምፅ ነበር የሚያወጣው። ለነገሩ ባሌ ሞቶ ከአንበሳሜ ብቻዬን የመጣሁ ወጣት ሴት ስለነበርሁ ማርሹም ቢሆን ዘፈን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሙዚቃው በየስልኩ አለ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ እኔ ግን ያ የታፈነው ነው የሚናፍቀኝ።

ጽጌ የመጣችው በጭነት መኪና ነው። ካኪ ሱሪ፣ ሸራ ጫማ፣ አጭር የተቆረጠ ፀጉር። አንድ የብረት ሳጥን ይዛለች፤ ተሸካሚዎቹ ሊያግዟት ሲሞክሩ እጃቸውን መለሰችው። የገበያው ሴት ሁሉ "ወንድ ነው ሴት?" እያለ ተሰበሰበ። እኔ የጓሮ ክፍል ነበረችኝ። ከማከራየቴ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

"ካሜራ ነው። ሥራዬ ጦርነት መቅረጽ ነው።"

"ለዚህ የሚሆን ወንድ ጠፍቶ ነው?"

"ወንድስ ሞልቷል። እኔ ስለምሻል ነው የላኩኝ" አለችና ሳጥኗን ይዛ ገባች። ኪራዩን እንኳ አልተነጋገርንም ነበር።

እንዲህ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ቤት እኅትማማች ሆንን። እሷ ሽሮ እንኳ ማማሰል አታውቅም፤ ከሰሜኑ ግንባር አቧራ ለብሳ ስትመለስ ግን እኔ ፀጉሯን ሳጥብላት ያየችውን ታወራኛለች። ስለ ጀግና አታወራም። ውሃ እስኪፈላ ስለሚጠብቅ ወታደር፣ ጫማውን ስለሚጠግን ወታደር ነው የምታወራው። አንድ ልማድ ነበራት፤ አለቆቿ አይወዱላትም። የቀረጸችውን ፊልም ለተቀረጹት ሰዎች ሳታሳይ አትቀርም። "ከሰው ፊቱን ወስጄ እንዴት ዝም ብዬ እሄዳለሁ?" ትል ነበር። ለዚህ ብላ ነው መጋረጃ ስፊልኝ ያለችኝ፤ ፊልሙ የሚታይበትን ማለቷ ነው። አቡጀዲ ገዛን። ስፌቱ የሰው ፊት ላይ እንዳያልፍ ብላ ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። በመጨረሻ መሃሉን ሙሉ ስፋት አድርጌ ግራና ቀኙን ግማሽ ግማሽ ጨመርሁበት። ጨርቁን አገላብጣ አይታ አገጬን ሳመችኝ። ዛሬም አዲስ አቡጀዲ ስቀድድ ያ የጨርቁ ማጠንከሪያ ስታርች ሲሸተኝ መቀሱን አስቀምጣለሁ።

ከክረምቱ በፊት በመገንጠያው ምልምሎች ሲጫኑ ቀርጻ ነበር። እናቶች በሶውንና ቆሎውን ወደ መኪናው ይወረውራሉ፤ ልጆቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ጽጌ ካሜራውን ከዓይኗ ሳታነሣ ወደ ኋላ እየሄደች ትቀርጻለች፤ እኔ "ቦዩ! ቦዩ!" ስል ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለች። ካሜራውን ወደ ላይ እንደያዘች ነው። ከመኪናው ጫፍ የቆመ አንድ ረጅም ልጅ አያትና ከልቡ ሳቀ፤ ጥርሱ እስኪያልቅ። እሷ ከጭቃው ሳትነሣ ያንን ሳቅ ቀረጸችው። ፊልሙ ለእጥበት አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ክረምቱ አልፎ ጓያው አብቦ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ የቁሐር ሚካኤል ልጆች ስለሆኑ እዚያ ሄጄ ለወላጆቻቸው አሳያለሁ ብላ ተነሣች።

በዚያ ሰሞን አንድ ዓርብ የቁሐር ሚካኤሉ መምሬ ታከለ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሱቄ መጡ። ጽጌን ፈልገው ነው። እመት የሻረግ የሚባሉ የንስሐ ልጅ አሏቸው፤ መበለት ናቸው፣ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ እሱም ሞላ ይባላል። የሞላ ሞት ለቀበሌው በወረቀት ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እናቱ ብቻ አያውቁም። መርዶ ደግሞ እንደው በመንገድ አይጣልም፤ ዘመድ መሰብሰብ አለበት፣ ቀኑ መመረጥ አለበት። በበራቸው የሚያልፍ ሁሉ ፊቱን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው ሰላም የሚላቸው።

"ዘመዱ ያለው ይፋግና ከርብ ወንዝ ማዶ ነው" አሉ መምሬ ታከለ። "ያለ ድግስ፣ ያለ በዓል በአንድ ቀን ቢመጣ ታውቅብናለች። እሁድ ለሲኒማው ሰው ይሰበሰባል ብለሻል አሉ። ዘመዱም ሲኒማ ላይ ነኝ ብሎ ይምጣና ሰኞ ሲነጋጋ እንነግራታለን። ፈቃድሽ ነው ልጄ?"

ጽጌ "እሺ አባ" አለች። ሌላ ምን ትበል? ስሙን ነገሩን፤ መልኩን ግን እነሱም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅንም። ለመርዶው አቀማመጥ ሲጨነቁ ፊልሙ ውስጥ ማን አለ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በገበሬዎቹ የእህል መጋዘን ተሰበሰብን። ቀዳዳውን ሁሉ በገለባና በጆንያ ደፍነን ቀኑን አጨለምነው። ጽጌ አንዲት የጎን መስኮት ብቻ ገርበብ አድርጋ ተወቻት፤ ብርሃኗ ከፊት የተቀመጡት ላይ እንዲያርፍ ነው። ጦርነት ማለት መድፍ ብቻ አይደለም፣ ቤት የቀረው ሰው ፊትም ነው ስለምትል የሚመለከቱትን ሰዎች መቅረጽ ፈልጋለች። እመት የሻረግን ለክብራቸው ከፊት አስቀመጧቸው። ከኋላቸው ዘመዱ ተደርድሯል። ጎረቤት ቤት ንፍሮው ተነክሯል፤ ይህን ከእሳቸው በቀር የማያውቅ አዋቂ እዚያ መጋዘን ውስጥ አልነበረም። ለፊልሙ ማሳያ የመጣው ጄኔሬተር ተነሣ። መኪኖቹ መጡ፣ በሶው ተወረወረ፣ ሰው ልጁን ወንድሙን እየለየ ይንጫጫል። ከዚያ ሥዕሉ ዘመም አለና ያ ረጅም ልጅ ሳቀ።

"ሞላ" አሉ እመት የሻረግ። በጩኸት አይደለም፤ ከደጅ የገባ ልጅ እንደሚጠሩ ነው ያሉት። ከዚያ ተነሥተው ወደ መጋረጃው ሄዱ። "እዩት ልጄን! ወፍሯል እኮ! ይኸው ደህና ነው!" እልልታቸውን ለቀቁት። እዚያ የነበሩት ወንዶች ሁሉ መሬት መሬት ሲያዩ አየሁ። ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ ዝምታው ሊያሳብቅ ነው። ያኔ የሞላ አክስት፣ የይፋጓ፣ እልል አለች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ የቤቱ ሴት በሙሉ እንባው እየወረደ እልል አለ። እመት የሻረግ የደስታ እንባ መስሏቸው ዞረው አንድ በአንድ ሳሟቸው። እንዲህ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም፤ እንዳልሰማም እግዜርን እለምነዋለሁ። ጽጌ ከመስኮቱ ሥር ካሜራዋን ዓይኗ ላይ ተክላ ቆማለች። ሞላ የተባለው ማን እንደሆነ ገብቷታል፤ ጥቅሉ እስኪያልቅ ግን አላቆመችም።

ሰኞ ሲነጋጋ መምሬ ታከለ ነገሯቸው። እመት የሻረግ አላመኑም። "ትናንት ሲስቅ አይቸው የለም ወይ? እናንተስ አብራችሁኝ እልል አላላችሁም ወይ?" አሉ። ፊልም ማለት ያለፈ ነገር እንደሆነ፣ ያ ሳቅ ከክረምት በፊት እንደሆነ ለማስረዳት እስከ ቀትር ፈጀ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ አልናገርም።

በሦስተኛው ቀን ጽጌን አስጠሯት። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ ብለዋል። እኔም አብሬ ሄድሁ። ዳሱ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ተልጧል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።

"አንች ልጅ፣ ይኸ ዕቃሽ እሁድ ዕለት እኔንም ወስዷል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው እመት። እዚሁ ውስጥ ነው።"

"ልጄ አፈር ገብቶ ሳለ ጥርሴን ሳሳይ? አገር ይየው ልትይ ነው?" አሉና እጇን ያዙ። "በማርያም። አታድርጊው።"

ጽጌ እዚያው ቁጢጥ ብላ ካሜራውን ከፈተችና ፊልሙን ጎትታ አወጣችው፣ ክንድ በክንድ፣ በዚያ በኅዳር ፀሐይ። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ከነካው ምንም እንደማይቀርለት እኔ አውቅ ነበር፤ ደጋግማ ነግራኛለች። ግራጫ ጥብጣብ ሆኖ እግሯ ሥር ተጠቀለለ። "አለቀ?" አሉ እመት የሻረግ። "አለቀ" አለች። ወደ ወረታ ስንመለስ ወደ ጉማራ ወንዝ ከሚወስደው ጎዳና ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጠችና ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "በላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አልቀርጽም። የዕድሜዬን ሥራ ነው የጣልሁት" አለችኝ። እኔ የማውቀው ሱሪ ነው፤ ምን ብዬ ላጽናናት? ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁ።

መሥሪያ ቤቷ ጥቅሉ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። በእኔ ጥፋት ብርሃን ገባበት ብላ ጻፈች። ጮህሁባት። እውነቱን ጻፊ፣ ሥራሽን ሊነጥቁሽ ነው አልኋት። "እውነቱን ብጽፍ የእመት የሻረግ ሳቅ መዝገብ ይገባል። ታዲያ ምኑን አጠፋሁት?" አለች። ካሜራውን ወሰዱባት። ያቺ መድፍ ሲተኮስ የማትጎነበስ ሴት አዲስ አበባ ምድር ቤት ውስጥ ሌሎች የቀረጹትን ፊልም እየጠረገች፣ ስም እየለጠፈች ብዙ ዓመት ተቀመጠች። ጦርነቱ አለቀ፣ ሌላ ዘመን መጣ፣ ማንም አላስታወሳት። በዓመት አንድ ጊዜ ትመጣልኝ ነበር። የጓሮዋን ክፍል ለሌላ አከራይቼው አላውቅም። ስትመጣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን በሁለት ጣቷ እየከለለች ታያለች፤ እንደ ካሜራ። ወይኔ ጽጌ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው ጻፈ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ብዕሩን ይዞ ቀረ። "እትየ፣ አላመንሁም ማለቴ አይደለም፤ ግን ቢሮው ማስረጃ ይጠይቀኛል" አለኝ። ማስረጃውንማ ፀሐይ በላው አልሁት። ያየነውም አልቀናል፤ መምሬ ታከለ የሉም፣ እመት የሻረግ የሉም፣ ጽጌም የለችም፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ልጁ ወረቀቱን ትንሽ ጊዜ ሲያይ ቆይቶ ያችን መስመር ሰረዛት። ምን ብዬ ልጻፍበት ቢለኝ፣ "ራሷ አጠፋችው፣ ለአንዲት እናት ስትል በል" አልሁት። እንደዚያ ጻፈ። አለቆቹ ይቀበሉት አይቀበሉት አላውቅም። የመጨረሻውን ነገር ግን ለእሱም አልነገርሁትም።

ጽጌ ለመጨረሻ ጊዜ በመጣችበት ዓመት እመት የሻረግ ሰው ላኩባት። ጋሪ ይዘን ሄድን። በጣም አርጅተዋል፤ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ከደጃቸው እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ ሩዝ ሆኗል። ጽጌን አስጎንብሰው ሳሟት።

"ልጄ፣ ያንን የእሁዱን አምጪልኝ" አሉ።

ሁለታችንም ደነገጥን።

"የልጄን መልክ አልረሳሁም፣ እሱ እዚሁ ነው" አሉ ደረታቸውን ነክተው። "የጠፋኝ ደስታው ነው። ከዚያ ወዲያ እኮ ስቄ አላውቅም። ያኔ አፍሬ ነበር፤ አሁን ለሰውም ብትነግሩት አላፍርም። እንዴት እንደነበርሁ አንድ ጊዜ ልየውና ልሂድ።"

ጽጌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ፊቷ እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። "እመት፣ ያኔ አጥፍቼዋለሁ። የለም" አለች።

እመት የሻረግ የተናደዱ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብለው እጃቸውን ሰደው የጽጌን ራስ ዳበሱ። "ታዲያ አንች አይተሽኝ የለም? ንገሪኛ" አሉ።

ነገረቻቸው። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ምንም ሳታስቀር። ነጠላዎ ከራስዎ ወርዶ ትከሻዎ ላይ ነበር፤ በመጀመሪያ አፍዎ ትንሽ ተከፈተ፤ ቅንድብዎ ወጣ፤ ስሙን ጠሩ፤ ከዚያ ግራ ጉንጭዎ ቀድሞ ሳቀ፤ ተነሥተው ሲሄዱ ጥላዎ መጋረጃው ላይ ወደቀ፤ እጅዎን ጉንጩ ጋ አደረሱ። እመት የሻረግ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። እኔ እንኳ ያላየሁትን ነው የምትነግራቸው። ስትጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

"እሱስ? እሱ አየኝ?" አሉ።

ሞላ ጭቃ ውስጥ የወደቀችውን እሷን ነበር ያየ። ጽጌ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። "አይቶዎታል እመት" አለች። "እርስዎን አይቶ ነው የሳቀው።"

እመት የሻረግ ሳቁ። ድምፅ የለውም፤ ግራ ጉንጫቸው ነው ቀድሞ የሳቀው።

ስንመለስ ሜዳውን እንዳጋመስን ጽጌ እጄን ያዘችና "በላይ፣ ዋሸኋቸው አይደል?" አለችኝ። እኔ ድንጋዩ፣ "መሸብን፣ ባለ ጋሪውን ፍጠን በይው" አልሁ። ሁለተኛም አልጠየቀችኝም፤ በማግሥቱ ጠዋት አዲስ አበባ ሄደች፣ በዚያው ዓመት አረፈች። አሁን የምመልስላትን አውቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ ስሰፋ በየቀኑ እመልስላታለሁ፣ የምትሰማኝ እሷ ግን የለችም።